የታደሰ ቤትና የሚያድር እንግዳ

በአማርኛ ቋንቋ መንገድ፥ ነጋዴ፥ እንግዳ፥ መስተንግዶና አስተናጋጅ የተባሉት ቃላት የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። የሁሉም አባት በግዕዝ «ነገደ» የሚባለው ግሥ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ተጓዘ፥ ከአገር ወደ አገር ዞሮ ሸጠና ለወጠ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ከቀዬው ርቆ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሸቀጥ የጫነ ሰው ስለ ነበረ፥ መሄድና መነገድ በአንድ ቃል ተጠሩ፤ መሽቶበት ከሰው ደጅ የቆመውም መንገደኛ እንግዳ ተባለ። አማርኛን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚማሩ ሹማምንት እነዚህን ቃላት ለየብቻ ከማጥናት ይልቅ እንደ ወንድማማች አንድ ላይ ቢይዟቸው ሁለተኛ አይረሷቸውም።

ቃላቱን ዛሬ ያነሣናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ ከተማ መካከል ወጣ ብሎ ናጋድ የሚባል ሥፍራ አለ። ስሙ የአገሬው ሰዎች የራሳቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ለአማርኛ ጆሮ ነጋዴንና እንግዳን ያስታውሳል፤ የቦታውም ግብር ከዚሁ አይርቅም። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መንገደኞቹን የሚያወርደው በናጋድ ጣቢያ ነው። መሥመሩ በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በጅቡቲ በኩል ደግሞ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው በናጋድ ተመርቆ፥ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ጣቢያው ሰፊ ነው፤ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያም አይርቅም። ነገር ግን ጣቢያ ማደሪያ አይደለም። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ከደጁ ብቅ ሲል የሚቀበለው ሜዳውና የባሕር ዳርቻው ፀሐይ ነው። እንግዲህ ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ «ወዴት እንደር?» የሚል ይሆናል።

የቀድሞው ባቡር ተሳፋሪ በዚህ ጥያቄ ያን ያህል አይጨነቅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት ጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው ይህ መንገድ ለብዙ ዘመን የሦስት ቀን ጉዞ ነበር። ባቡሩ ቀን ቀን ይጓዛል፥ ሌሊት ይቆማል፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። ስለዚህ ባቡሩ ራሱ ማደሪያ ቤቶችን ወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ከእነዚህ አንዱ ነው። የጅቡቲውም አሮጌ ጣቢያ በከተማው ውስጥ ስለ ነበረ፥ ከመርከብ ወደ ሆቴል፥ ከሆቴልም ወደ ባቡር የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ወደ አዲስ አበባ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ከመርከብ ወርዶ ባቡሩን እስኪጠብቅ አረፍ ያለው «ኦቴል ዴዛርካድ» በሚባል፥ በእኛ ቋንቋ «ባለ ቅስቶቹ ሆቴል» ልንለው በምንችል ቤት ነበር።

ይህ ስም ከቤቶቹ አሠራር የተወሰደ ነው። ፈረንሳዮች ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በቈረቈሩት በአሮጌው የጅቡቲ ከተማ ውስጥ፥ በተለይም በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ፥ ነጫጭ ቤቶች ፊታቸውን በቅስት አስጊጠው ተሰልፈዋል። አደባባዩ ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ በነጻነቱ ቀን፥ ማለት በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ስም ተሰይሟል፤ ይሁን እንጂ በሰው አፍ የቀድሞ ስሙ አልጠፋም። ግድግዳዎቹ የታነጹት ኮራል ከተባለው፥ ከባሕር ከሚቈረጠው ድንጋይ ነው። ግንቡ ወፍራም፥ ጣሪያው ከፍ ያለ፥ በረንዳው ሰፊ፥ የመስኮቱም መዝጊያ ነፋስ እያሳለፈ ፀሐይን የሚከለክል ባለ ስንጥቅ እንጨት ነው። ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ ለጌጥ የተደረገ ይመስለው ይሆናል። በጅቡቲ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኀምሲን የሚሉትም ነፋስ ከምድረ በዳው አሸዋና ወላፈን ይዞ ይመጣል። ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን የሠሩት ግንበኞች ለእንግዳቸው ሊሰጡት የሚችሉት ነገር ጥላና ነፋስ ብቻ ስለ ነበረ፥ ቅስቱን ጥላ እንዲሆን፥ በረንዳውንም ነፋስ እንዲቀበል አድርገው አነጹት። እንግዲህ የቤቱ ውበት ከጥቅሙ የመጣ ነው ማለት ነው።

በቅርቡ ለሥራ ወደዚያው ወርደን ሳለ፥ ከነዚህ አሮጌ ቤቶች በአንዱ፥ ታድሶ ለእንግዳ በተከፈተው፥ አምስት ሌሊት አድረናል። ስሙን አንጠቅስም፤ ምስጋናችንም ወቀሳችንም ታድሰው በየከተማው ለቆሙ ብዙ ቤቶች የሚስማማ ነውና።

ከምስጋናው እንጀምር። አዳሾቹ የቀድሞውን የእንጨት ደረጃ አላነሡትም፤ የረገጠው ብዙ እግር ያሳሳውን መርገጫ እያጠነከሩ በቦታው አቆይተውታል። ከፎቅ ወደ ምድር የሚወርደው እንግዳ እጁን የሚያኖረው ከእርሱ በፊት ብዙ መንገደኛ ባለሰለሰው መደገፊያ ላይ ነው። የወለሉ ባለ ቀለም ሸክላ ታጥቦ አበባው እንደገና ታይቷል። መታጠቢያው ቤት አዲስ ነው፤ ውሃውም አይቋረጥም። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ልብን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ ከሚደርሰው ኤሌክትሪክ ብዙው በድሬዳዋ በኩል ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም በሶማሌ ክልል ከሐዲጋላ ጕድጓዶች የሚቀዳው ውሃ በቧንቧ ወደዚያው ይወርዳል። መብራቱን አብርቶ ፊቱን የሚታጠብ መንገደኛ፥ አገሩ ቀድማው ደርሳ በማደሪያው እንደ ጠበቀችው ሊቈጥረው ይችላል።

ወቀሳው ግን ከዚህ የበለጠ ትምህርት አለበት። ባለቤቶቹ ክፍል ለመጨመር ብለው የፎቁን በረንዳ በመስተዋት ዘግተውታል። የእንጨት መዝጊያዎቹ ለመልክ ያህል ቀርተው በብሎን ተጠርቅመዋል፤ በየክፍሉም ማቀዝቀዣ ተሰቅሏል። ኤሌክትሪኩ እስካለ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ኤሌክትሪኩ ጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደ እንጀራ ምጣድ ጋለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም በፎቁ ያደረው እንግዳ ሁሉ ትራሱን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። መቶ ዓመት ሙሉ ያለ ኤሌክትሪክ እንግዳ ሲያስተኛ የኖረ ቤት፥ ከታደሰ ወዲህ ያለ ኤሌክትሪክ አንዲት ሌሊት ማስተኛት ተሳነው።

በዚያች ሌሊት ከእንግዶቹ መካከል አማርኛ በመማር ላይ ያለ አንድ ወጣት ሹም ነበረ። የመኝታ ክፍሎቹን የምታሰናዳዋን፥ ዕድሜዋ ከስድሳ የማያንሰውን የድሬዳዋ ተወላጅ ሴት በኮሪደሩ ባገኛት ጊዜ፥ «አንቺ! ክፍሉ ሞቀ፤ ነዪ መስኮቱን ክፈቺ!» አላት። ሴትዮዋም ሳትቈጣ፥ «ልጄ፥ መስኮቱ በብሎን ተጠርቅሟል፤ አይከፈትም። ድሮ ቢሆን በረንዳው ላይ አልጋ ዘርግቼ አስተኛህ ነበር። አሁን ግን ና፥ ከቅስቱ ሥር ወንበር አወጣልሃለሁ፤ እዚያ ነፋስ አለ» ብላ መለሰችለት። እንዳለችውም አደረገች፤ ለሁሉም ውሃ አመጣች፤ እስኪነጋም ድረስ አብራን ተቀመጠች።

ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። የመማሪያ መጽሐፉ ለወንድ «አንተ»፥ ለሴት «አንቺ» በል ስላለው እንደ ተማረው ተናገረ። በአማርኛ ግን ዕድሜ ከፆታ ይቀድማል። እናትን ለምታህል ሴት «እርስዎ» ይባላል፤ ስሟን የማያውቅ ሰው «እማማ» ወይም «እናቴ» ብሎ ይጠራል፤ ግሡም «ነዪ» መሆኑ ቀርቶ «ይምጡ»፥ «ክፈቺ» መሆኑም ቀርቶ «ይክፈቱልኝ» ይሆናል። እርሷ ደግሞ እርሱን «አንተ» ማለቷ ንቀት አይደለም፤ «ልጄ» ከማለቷ ጋር የእናትነት ቃል ነው። የሥራ ዝቅተኛነት የአክብሮትን ቃል አያስቀርም፤ ሹመትም ከአክብሮት ነጻ አያወጣም። ይህን ቀስ ብለን ብንነግረው፥ ሲነጋ ወደ ሴትዮዋ ቀርቦ ባርኔጣውን አንሥቶ፥ «እማማ፥ እንዴት አደሩ?» አላቸው። እኛም ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው በዚሁ በአክብሮት ቃል ነው።

ይህ ሰላምታ ራሱ ለነገራችን ቁልፍ ነው። «እንዴት አደሩ?» ማለት፥ ሌሊቱን እንዴት አሳለፉት፥ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በየማለዳው የሚጠይቀው የማደሪያ ቤት ጥያቄ ነው። «ማደር» እና «ማደስ» የሚሉት ቃላትም በጽሕፈት የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፤ በንባብ ግን «ማደር» ሲባል ደ ይላላል፥ «ማደስ» ሲባል ይጠብቃል። ቃላቱ ሥራቸው የተለያየ ቢሆንም፥ ለሆቴል ሠሪ ግን ተለያይተው ሊቆሙ አይገባም። ማደስ ማደርን የሚያሻሽል ካልሆነ፥ ገንዘቡ ለቀለም ብቻ ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ አሮጌ ቤት ሲታደስ ምን ይጠበቅ፥ ምን ይለወጥ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ እንግዳውን ለማሳረፍ የተሠራው ይጠበቅ፤ ዕረፍቱን የሚነሣው ይለወጥ።

ይህም ከነፋስ ሌላ ለግድግዳውም ይሠራል። የኮራል ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበትና የባሕር ጨው በውስጡ ያለ ድንጋይ ነው። ከምድር የሚመጣውን እርጥበት ይመጥጣል፤ በኖራ ከተለሰነ እርጥበቱን በልስኑ በኩል ወደ ውጭ ይተነፍሳል። የቀድሞ ግንበኞች ኖራን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን ብዙ አዳሾች «ሲሚንቶ ይጠነክራል» በማለት አሮጌውን ግንብ በሲሚንቶ ይለስኑታል፥ በላዩም የሚያብለጨልጭ ቀለም ይቀቡታል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ጨውን ይዞ ከልስኑ በስተኋላ ይከማቻል፤ ጨውም ሲደርቅ እየጠጠረ ቀለሙን ይልጠዋል፥ ልስኑን ይገፋዋል፥ ድንጋዩንም ያፈርሰዋል። በማደሪያችን ምድር ቤት ከወለሉ እስከ ጕልበት ከፍታ ድረስ ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቶ ያየነው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልታከመ በሽተኛን አዲስ ልብስ ማልበስ ፈውስ አይሆነውም።

ከዚሁ የባቡር መንገድ በላይኛው ጫፍ፥ በአዲስ አበባ፥ ስለ አሮጌ ማደሪያ የሚያስተምር ሌላ ቤት አለ። እርሱም በፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በእቴጌይቱ ፈቃድ ተቋቁሞ፥ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል ሆነ። በዚያ ዘመን እንግዳን በቤት ተቀብሎ ማብላት እንጂ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ሄደው በልተው ሒሳቡን በመክፈል ምሳሌ እንደ ሆኑ ሲነገር ኖሯል። ንግድና እንግዳ በአገራችን በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት በዚህ ቤት ነው ለማለት ይቻላል። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙም ባለቤቱም ተለዋውጧል፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ዋዜማ ኢምፔሪያል ሆቴል ይባል በነበረ ጊዜ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ሞልተውበት ነበር፤ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚህ ቤት እሳት ተነሣ። ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ጃዝ አምባ የተባለው አዳራሽ ጠፋ፤ ከአሮጌውም ሕንጻ ብዙ ተቃጠለ። ወለሉ፥ ደረጃውና ጣሪያው እንጨት የሆነ የመቶ ዓመት ቤት እሳት ከገባበት ምን ያህል እንደሚፈጥን አዲስ አበባ በዚያ ቀን ተመለከተች። ቤቱ በኋላ ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። ከዚህ ለአዳሽ ሁሉ የሚተርፍ ምክር ይገኛል። የአሮጌ ቤት ዕድሳት በማይታየው ይጀምራል፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ይለወጥ፥ የእሳት ማጥፊያው በየፎቁ ይኑር፥ ሁለተኛ መውጫ ይከፈት፤ ቀለምና መጋረጃ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ደረጃውን የወደደ ሰው ደረጃው እንዳይቃጠል መጠንቀቅ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለከተማው አዲስ ፕላን ሲነሡ፥ ስለ አሮጌ ቤት ዋጋ ብዙ ተነግሯል። ሁሉ አሮጌ ቤት ይቆይ ማለት አይቻልም፤ ሁሉ አሮጌ ቤት ይፍረስ ማለትም አይገባም። ነገር ግን ማንኛውም ሰው ሊስማማበት የሚችል አንድ ነገር አለ። አሮጌ ቤት በተሠራበት ሥራ ላይ ሲቆይ ራሱን ይጠብቃል። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ በዚያው ሌሊት ይታወቃል፤ ተዘግቶ የሚከበር ቤት ግን የፈሰሰው ከዓመት በኋላ ይሰማል።

ለእንግዳውም የሚነገር አለን። በመንግሥት ገንዘብ የሚጓዝ ሹም በአሮጌ ሆቴል ሲያድር አሮጌውን ቤት እንደ አዲስ አያስገድደው። ደረጃው ሲንቋቋ ጠባዩ ነው፤ የክፍሎቹ ስፋት አለመተካከልም ጠባዩ ነው። ውሃ፥ ንጽሕና፥ ነፋስና ደኅንነት ግን መብቱ ስለ ሆኑ፥ ከጐደሉ ለኃላፊው በትሕትና ቃል ያስታውቅ። ሲገባ ሁለተኛው መውጫ የት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ሲወጣም መብራቱንና ውሃውን ይዝጋ፥ የከፈለበትን ደረሰኝ ይቀበል። ከሁሉ በላይ አልጋውን የሚያነጥፉለትን ሰዎች በአክብሮት ቃል ያነጋግር። መስተንግዶ የሚለው ቃል ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ አስተናጋጅና ተስተናጋጅ ሲገናኙ ብቻ የሚፈጸም ሥራ ነው። ከዚያች ከሦስተኛዋ ሌሊት ትዝ የሚለን ሙቀቱ ሳይሆን፥ ከቅስቱ ሥር ወንበር ያወጡልን የእማማ ደግነት ነው። ግንበኞቹ ለእንግዳ ብለው የሠሩትን ጥላ እድሳቱ ከፎቁ ቢያጠፋውም፥ ከምድር ቤቱ ያስገኙልን እርሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ የአነጋገር ልማድ እናክል። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ወደ አዲስ ወይም ወደ ታደሰ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። እምቦሳ ገና የተወለደ ጥጃ ነው፤ ትርጓሜውም ቤቱ የሚረባበት፥ ወተትና ሕይወት የማይታጣበት ይሁን ማለት ነው። ከናጋድ ወርዶ ታድሶ በተከፈተ ማደሪያ ደጅ የሚቆም ሹም ይህን ቃል ቢናገር፥ ሻንጣውን የሚቀበለው ኢትዮጵያዊ ፊቱ ሲበራ ያያል። ይህን ካለ በኋላ ግን ወደ መስኮቱ ይሂድና መከፈት አለመከፈቱን ይመልከት።